አሥራ አራት ሰንጢና አንድ መቋሚያ

ሰው መቼም የሚሰበስበው ነገር አያጣም። አንዱ መሬት ይሰበስባል፣ አንዱ ቂም ይሰበስባል። ባለቤቴ እናኑ የፕላስቲክ ዕቃ ክዳን ትሰበስባለች፤ ዕቃው ከጠፋ ዘመን የሆነው፣ «አንድ ቀን ይፈለጋል» እየተባለ መደርደሪያ የሞላ ክዳን። እኔ ደግሞ ሰንጢ እሰበስባለሁ። አሥራ አራት አሉኝ። ይህን ስናገር ፊታችሁ ላይ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ሰንጢ ሲባል የሚታየው ኪስ አውላቂ ነው። እኔ ግን ወረታ ውስጥ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ሚዛን ላይ የምቀመጥ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላኝ፣ በዓል ሲመጣ ዶሮ ለማሳረድ እንኳ ጎረቤት የምጠራ ሰው ነኝ።

ሰንጢዎቼ የሚኖሩት በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ባለ ቀንድ እጀታ አለ፣ ባለ እንጨት እጀታ አለ፣ ከአንድ ጡረተኛ ወታደር የገዛሁት አለ፣ በሞረድ ብዛት አልቆ አልቆ መርፌ የሆነም አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አውጥቼ አሰልፋቸዋለሁ። እስላቸዋለሁ፣ መታጠፊያቸውን እጠርጋለሁ፣ ቅባት ጠብ አደርግባቸዋለሁ፤ ከዚያ እያንዳንዱን እየከፈትኩና እየዘጋሁ ድምፁን አዳምጣለሁ። ጤነኛ ሰንጢ ሲዘጋ «ቀጭ» ይላል። «ቀሽ» ካለ አሸዋ ገብቶበታል። ዝም ካለ ግን ጣት ሊቆርጥ አስቧል ማለት ነውና ያን ቀን አልነካውም። ክራር የሚቃኝ ሰው እንኳ እንደኔ ጆሮውን የሚያቀና አይመስለኝም።

ስለታቸውን የምፈትነው በግራ ክንዴ ፀጉር ላይ ነው። ስለዚህ ግራ ክንዴ ካገባሁ ጀምሮ ፀጉር አብቅሎ አያውቅም። መፈልፈያ ቤቱ አዲስ የመጣ ገበሬ አንድ ጊዜ ክንዴን ካየ በኋላ ከሚዛኑ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ አንዳንዱም «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎኝ ይሄዳል። እኔም አሜን እላለሁ። ማስረዳቱ ከአሜን የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

በዚህ ሁሉ ሰንጢ ምን ትሠራበታለህ ካላችሁኝ መልሴ አጭር ነው፤ መፋቂያ እቀርጽበታለሁ። የጥርስ መፋቂያ። ለሃያ ምናምን ዓመት ስቀርጽ ኖሬ ከመፋቂያ አላለፍኩም። እናኑን እንዲያስጠይቁልኝ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ አባቷ «ለመሆኑ ልጁ ምን ሙያ አለው?» ብለው ጠየቁ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ «መፋቂያስ ጥሩ ይቀርጻል» አለ። ልጅቱ የተሰጠችኝ እሷ ራሷ ስላለቀሰች እንጂ በዚያ መልስ አይደለም።

አባቷ፣ ማለትም አማቴ፣ መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ። ቁሐር ሚካኤል አርባ ዓመት ማኅሌት የቆሙ፣ ከሥራቸው ስንት ደብተራ ያወጡ ሰው ናቸው። አማቻቸው ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት ከእሳቸው ጋር ያወራነው ሁሉ ቢጠራቀም፣ ከወረታ በባጃጅ ተነሥቶ ይፋግ ሳይደርስ ያልቃል። ጠላትነት የለንም። «ደኅና ነህ?» ይሉኛል፤ «ይመስገን፣ እርስዎስ?» እላለሁ፤ «ይመስገን» ይላሉ። ከዚያ ሁለታችንም ግድግዳውን እናያለን። ግድግዳቸውን ከሠራው ሰው ይበልጥ አውቀዋለሁ።

ግንቦት ሲገባ መሪጌታ ዓይናቸውን ሊታዩ ወረታ መጡ። ሲመለሱ ባጃጅ ላይ ያሳፈርኳቸው እኔ ነኝ፤ እስከ ቁሐር መገንጠያም ልሸኛቸው አብሬ ገባሁ። መቋሚያቸውን እንደ ልማዳቸው በሁለት ጉልበታቸው መሐል ቀጥ አድርገው ሊይዙት ሲሉ «ኧረ እርስዎ አይድከሙ» ብዬ ተቀበልኳቸውና አጋደምኩት። ባጃጅ ደግሞ ጠባብ ናት፤ የመቋሚያው ራስ በጎን በኩል አንድ ክንድ ያህል ወጣ። ቀይ ጨርቅ ልሰርበት አስቤ ነበር። ጨርቁን ከኪሴ እየፈለግሁ ሳለ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠለው መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተጠግቶን አለፈ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። መፋቂያ ሲሰበር እንኳ ከዚያ የበለጠ ይጮሃል።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መሪጌታ ወርደው የተሰበረውን ራስ ከአስፋልቱ አነሡ፣ በነጠላቸው ጠረጉት፣ ሁለቱን ቁራጭ አቅፈው ተመልሰው ተቀመጡና ከፊት ለፊት እያዩ «እንግዲህ ለሰኔ ሚካኤል ተቀምጬ እሰማለሁ» አሉ።

ማኅሌት ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ሊቃውንቱ ለረጅም ሰዓት ቆመው ነው የሚዘምሩት፤ ሲደክማቸው የሚደገፉት፣ ሲያሸበሽቡም የሚያወዛውዙት ያንኑ መቋሚያ ነው። ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ያለ እሱ አይቆምም። ልግዛልዎ ብላቸው «ያ የኔታዬ ያወረሱኝ ነበር። የገበያ ዱላ ይዤ ከሊቃውንቱ መሐል አልገባም» አሉ። የሰው ይዋሱ ቢባሉ እንዴት ተደርጎ። ቤት ስደርስ እናኑ ነገሩን ሰምታ ነበር። አልጮኸችብኝም፤ ተቀምጣ «አባዬ አርባ ዓመት ቆመው ኖረው አንድ ጊዜ ከተቀመጡ ሁለተኛ አይነሡም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንደዚያ የቀሩ ሽማግሌዎች ሁለታችንም እናውቃለን። የዚያን ዕለት ራት አልበላሁም።

በማግሥቱ ቁሐር ወረድኩና አማቴ ፊት ቆሜ «መቋሚያውን እኔ በእጄ ቀርጬ አመጣልዎታለሁ፤ ለሰኔ ሚካኤል ይደርሳል» አልኳቸው።

መሪጌታ ፊቴን አዩ፣ ራቁቱን የቀረ ግራ ክንዴን አዩ፣ ረጋ ብለውም «ለጥርስ ነው?» አሉኝ።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። እኔን ምላጭ ብቻ ሳይሆን አሥራ አራት ሰንጢ ሊያስውጠኝ ነበር። ከዚያ ቤት የወጣሁት አንድ ነገር ወስኜ ነው፤ መቋሚያውን እሠራለሁ፣ በሰንጢ እሠራለሁ፣ ከወይራ እሠራለሁ። የሰማ ሁሉ መከረኝ። የመፈልፈያ ቤቱ ባለቤት አናጢ ዘንድ ውሰደው አለኝ። ጎረቤቴ የመቋሚያውን ራስ ከዋንዛ ቅረጸው፣ ዋንዛ ለስላሳ ነው አለኝ። እኔ ግን የተሰበረው ወይራ ስለነበረ ከወይራ ዝቅ ብል ስድብ መሰለኝ። ወይራ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የማውቅ መስሎኝ ነበር። የማውቀው ለካ ቀጭን ቀጭኑን ቅርንጫፉን ነው።

የመጀመሪያው ሰንጢ በሦስተኛው ምት አውራ ጣቴ ላይ ተዘጋ። «ቀጭ» ብሎ፣ ደንበኛ ጤነኛ ድምፅ። ሁለተኛው እንደ አሮጌ ጥርስ ተሸረፈ። የሦስተኛው እጀታ ወልቆ እኔ እጀታውን፣ ወይራው ስለቱን ይዘን ቀረን። አራተኛው፣ ያ የወታደሩ፣ እንጨቱ ውስጥ ሰምጦ እምቢ አለ፤ ጎተትኩት፣ እናኑ እኔን ጎተተች፣ አልወጣም። ያ ግንድ ዛሬም ከነሰንጢው ጓሮ አለ፤ ዶሮዎቹ ይሰፍሩበታል። በሳምንቱ ቆርቆሮው ውስጥ ጤነኛ የቀሩት አሥራ አንድ ሲሆኑ ጣቶቼ ላይ ያሉት ጨርቆች ሦስት ነበሩ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኳት እናኑን። እሷም ጨርቁን እያሰረችልኝ «ይሄዳል፤ ለሰኔ አሥራ ሁለት ግን አይደርስም» አለችኝ።

ጉድለቱ የሰንጢው ነው ብዬ ወሰንኩ። የእኔ ነው ብዬ ብወስን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። በገበያ ቀን ይፋግ ሄድኩ። እዚያ ጋሽ ደሴ የሚባሉ፣ ከመኪና ባሌስትራ ሰንጢና ማጭድ የሚያወጡ ሰው አሉ። ከዕቃቸው መሐል የበሬ ቀንድ እጀታ ያላት አንዲት ሰንጢ ዓይኔ ገባች። አነሣኋት፣ ዘጋኋት፣ ድምፅዋን ሰማሁ። እንደዚያ ያለ «ቀጭ» ሰምቼ አላውቅም። ክንዴ ላይ ልፈትናት እጅጌዬን ብሰበስብ ክንዴ የቀረው ፀጉር የለም። ጋሽ ደሴ «ገመድ ቁረጥባትና እያት» አሉኝ።

እውነቱን እንነጋገር፤ እሳቸው ያሉት መሬት ላይ የተጣለውን ቁራጭ ገመድ ነው። እኔ ግን ከጎኔ በኩል ተወጥሮ የቆመ ጥሩ ገመድ አየሁ። ተወጥሮ የቆመ ገመድ ለፈተና እንዴት እንደሚመች ሰንጢ ሰብሳቢ ብቻ ነው የሚያውቀው። አንድ ጊዜ ነካ ሳደርገው ለሁለት ሆነ። ደስ አለኝ፣ ወደ ጋሽ ደሴም ዞሬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። የሚያዩት ከኋላዬ ነበር። ከገመዱ ወዲያኛው ጫፍ አንዲት የፎገራ ጊደር ቆማ ኖሮ፣ ነፃ መውጣቷን ከእኔ ቀድማ አውቃ ወደ ሸክላ ተራ አመራች። አልሮጠችም፤ ብትሮጥ ይሻል ነበር። ሊገዛ እንደመጣ ሰው እያንዳንዱን ማሰሮ እያሸተተች፣ ያልወደደችውን እየረገጠች አለፈች። እኔ ሰንጢ ከፍቼ እንደያዝኩ ከኋላዋ ስሮጥ ያየ ገበያተኛ ግማሹ ሸሸ፣ ግማሹ እኔን ለመያዝ ተከተለኝ። ጊደሯ ተያዘች፤ ከእሷ በፊት ግን እኔ ተያዝኩ። ጋሽ ደሴ መጥተው «ይኸ ሰው ክፉ አይደለም፤ ሞኝ ነው» ብለው መሰከሩልኝ። ጥሩ ምስክርነት ነበር፤ ወዲያው ለቀቁኝ። ማታ እናኑ ፊት የቆምኩት ሰንጢዋንና ካሣ ከፍዬ የወሰድኳቸውን አፋቸው የተሰበረ ሁለት ማሰሮ ይዤ ነው። እናኑም ማሰሮዎቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አይታ ክዳን ፈለገችላቸው።

ሰንጢዋ ግን ሰንጢ ናት። ወይራውን እንደ ሰው ነበር የምታነጋግረው። መፈልፈያ ቤቱም በዚያ ወቅት ጭር ይላል፤ ገበሬው ለሩዝ መሬቱን እያረሰ ስለሆነ የሚመዘን የለም። እኔም ሚዛኑ ላይ ተቀምጬ ስቀርጽ እውላለሁ። የመጀመሪያውን ራስ ጨርሼ ለእናኑ ባሳያት፣ ግራ ቀኝ የሚዘረጋው ክንፉ ወደ ላይ ቆሞብኝ ኖሮ፣ «ይቺ የይፋጓ ጊደር አይደለችም?» አለችኝ። ሁለተኛው አንድ ክንፉ አጥሮ የተሰበረች ወፍ ሆነ። ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት፣ ዝናቡም ጀምሮ ነበር። ተስፋ የቆረጥኩ እንዳይመስላችሁ፤ እንጨት ግን ጨርሼ ነበር።

ያኔ እናኑ ምንም ሳትነግረኝ ቁሐር ደርሳ መጣች። ከነጠላዋ ውስጥ የተሰበረውን የድሮውን ራስ አወጣች። ለማስታወሻ ላስቀምጠው ብላ ከአባቷ ለምናው ነው። ዳሰስኩት። ከመሐሉ አንድ ጎድጎድ ያለ ቦታ ነበረው፤ ማንም ያልቀረጸው፣ የየኔታቸው እጅና የእሳቸው እጅ በዘመን ብዛት ያበጀው። ለካ እኔ በቅርጹ ስደክም የረሳሁት እጁን ነው። የዚያን ቀን አፍሬ አለቀስኩ ብላችሁ አትስቁብኝ። በማግሥቱ አዲስ ወይራ አመጣሁና ቅርጹን ትቼ ከዚያች ጎድጓዳ ጀመርኩ። ሦስት ጣት አስከፈለኝ። አንድ ማለዳ ግን ጨርሼ ሁለቱን ራሶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው እናኑ አዲሱን አንሥታ «ይኸኛው ነው የድሮው?» አለችኝ። ሩዙን ሁሉ በነፃ ልመዝን ደርሼ ነበር።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ይህን አታነቡም ነበር። ይፋግ ሳለሁ ጋሽ ደሴ አንድ ምክር ጣል አድርገውልኝ ነበር፤ ዱላ ቅቤ ካልጠጣና ጭስ ካልገባው በክረምት ይሰነጠቃል ብለው። ይኸ በአገራችን የታወቀ ነው። ጥሩ ዱላ ያለው ሰው ሁሉ ዱላውን ቅቤ ቀብቶ ምድጃ ላይ ሰቅሎ ያጠቁረዋል። እኔም ከእናኑ የቅቤ ዕቃ ጥሩውን፣ ለጋውን የፎገራ ላም ቅቤ አወጣሁ። ጠዋት እቀባለሁ፣ ጭስ ላይ እሰቅላለሁ፣ ማታ አውርጄ ደግሞ እቀባለሁ። ስምንት ቀን እንዲህ አደረግሁ። ወይራው ጠጣ። እናኑ «ለራሴ እንኳ ይህን ያህል አልቀባሁም» ብትልም አልሰማኋትም። በስምንተኛው ቀን መቋሚያው ቀልቶ፣ ጠቁሮ፣ አብረቅርቆ ፊት የሚያሳይ ሆነ።

በዋዜማው በላስቲክ ጠቅልዬ ተነሣሁ። ባጃጇ አስፋልቱ ዳር አወረደችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዋልካ ጭቃ ነው፣ ለእግር እንጂ ለጎማ አይሆንም። ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ጫማዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገባሁ። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። በእጄ የያዝኩት ዱላ ነው፤ ተደግፌው ብሆን አንድም ጊዜ አልወድቅም ነበር። ግን መጀመሪያ የሚደገፉት እሳቸው ናቸው ብዬ ምዬ ስለነበር ወደ ላይ አንሥቼ እሱ ደረቅ ሆኖ እኔ ጭቃ ላይ እተኛለሁ። ከመንገድ ዳር የሚያርስ አንድ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ቆሞ አየኝ።

መሪጌታ ተቀበሉኝ። ላስቲኩን ፈቱት፣ ዘንጉን በመዳፋቸው ወጡበት ወረዱበት፣ አውራ ጣታቸውም ሄዶ ጎድጓዳዋ ላይ አረፈ። እዚያው ቆየ። ከዚያ የመቋሚያውን ራስ ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ ዓይናቸው ስለደከመ መሰለኝ። ቀና ብለው እጄን አዩ። «ይቆማል» አሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስጠብቅ ከኖርኩት ነገር ሁሉ ይህቺ ቃል በለጠችብኝ።

በማግሥቱ የሰኔ ሚካኤል ሆነ። ታቦቱ ወጣ፣ ሊቃውንቱ በግቢው ውስጥ በሁለት ረድፍ ቆሙ፣ ወረቡ ተጀመረ፤ መሪጌታ ጥበቡ ከቀኙ ረድፍ መሐል ቆመዋል። ቆመዋል። እናኑ ከሴቶቹ በኩል እልል ስትል ድምፅዋን ለይቼ ሰማሁት። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ሰማይ ተገልጦ ፀሐይ ወጣ። እኔም በልቤ ይህ ሁሉ ለእኔ የተደረገ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ትዕቢት እንዲህ ነው፣ ፀሐይን እንኳ ለራሱ ያደርጋል።

ፀሐዩ የመጣው ለመቋሚያው ነው። ስምንት ቀን የጠጣውን ቅቤ መሞቅ ሲጀምር ያልበው ጀመር። በመጀመሪያ አንዲት ዝንብ ራሱ ላይ ዐረፈች። ከዚያ ዘመዶቿን ጠራች። መሪጌታ ወደ ቀኝ ሲያወዛውዙት ዝንቦቹ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሉት ወደ ግራ፤ ከደብተራዎቹ አንዳንዱ እንኳ እንደዚያ ስልቱን አይጠብቅም። ቀጥሎ መዳፋቸው ዘንጉ ላይ ተንሸራተተ፤ ያዙት፣ ደግሞ ተንሸራተተ። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ከጎናቸው ያሉት ሊቃውንት አፍንጫቸው ሲሠራ ከሩቅ ይታየኝ ነበር።

አሁን ምን እንዳጠፋሁ ልንገራችሁ። በሰኔ የሐዋርያት ጾም አለ። እኛ ሕዝቡ «የቄስ ጾም ነው» ብለን ለቄሶች ትተን፣ ወጣችንን በቅቤ እየሠራን የምንኖር ጉዶች ነን። ስምንት ቀን ቅቤ ስቀባ ጾም መሆኑ በሐሳቤ አላለፈም፤ በቤቴ ጾም አልነበረማ። መቋሚያው የሚሄደው ግን ያንን ጾም አጥብቀው ወደሚጾሙት፣ ገና እህል ወዳልቀመሱት ሰዎች መሐል ነው። በጾም ሆድ ላይ የለጋ ቅቤ ሽታ ምን እንደሆነ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ከሁሉ የከፋው ጥርጣሬው ነበር። ከመሪጌታ በስተግራ የቆመው ደብተራ ውባንተ ፊቱ ሞላ ያለ፣ መብል እንደሚወድ የሚታማ ሰው ነው። ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሰውየውም ሽታው ከቅርቡ እንደሚመጣ ተረድቶ በቀስታ የራሱን እጅ አሸተተ፣ ነጠላውን አሸተተ፣ ከዚያ ሰማይ ሰማይ እያየ ትናንት ምን እንደበላ ሊያስታውስ ይሞክር ጀመር። ንጹሕ ሰው በራሱ ላይ ሲመሰክር ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ እዚያ ቆሜ አየሁት።

ከሥርዓቱ በኋላ ካህናቱ ደጀ ሰላም ገብተው ዳቦና ጠላ ቀረበላቸው። ለደብተራ ውባንተ ዋንጫ ያቀበለው ሰው የለም። መሪጌታ መቋሚያውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀምጠዋል፤ ዝንቦቹም አብረው ገብተዋል። እኔ በር ላይ ነበርኩ። አንዱ ልቤ ሂድ ውጣ ይለኛል። ብናገር የሚዋረዱት መሪጌታ ናቸው፤ በስንት መከራ የቆሙት ሰው ተመልሰው ይቀመጣሉ። ዝም ብል ደግሞ ውባንተ የሌለበትን ተሸክሞ ይሄዳል። ጭቃውን ያለፍኩት፣ ጣቴን ያስቆረጥኩት ለዚህ አልነበረም። ገባሁና መሐል ቆምኩ።

«አባቶቼ» አልኩ፣ «ቅቤው የእኔ ነው። መቋሚያውን ስምንት ቀን ቅቤ ቀብቼዋለሁ። ደብተራ ውባንተ ምንም የለበትም፣ መሪጌታም አያውቁም።»

ቄሰ ገበዙ የነፍስ አባቴ ናቸው፤ ኃጢአቴን ሁሉ የሚያውቁ ሰው ናቸውና በቀላሉ አይደነግጡም። የዚያን ቀን ግን ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

መሪጌታ ጥበቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አውቃለሁ እንጂ» አሉ። «ትናንት ገና ስቀበለው ሸትቶኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ መሪጌታ?» አሏቸው ቄሰ ገበዙ።

«በጨርቅ የታሰረ ጣቱን ቆጠርኩት። ስድስት ነው። ከዚያ በኋላ አፍንጫዬን ዝም አሰኘሁት። ጾሜን አልፈታሁም አባቴ፤ የፈታው አፍንጫዬ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ደብተራ ውባንተ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የተገላገለው እሱ ነዋ። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቄሰ ገበዙ ግን ሳቁን አሳልፈው ፍርድ ሰጡ። እኔ ለቆሎ ተማሪዎቹ ሰባት መቋሚያ በእጄ ቀርጬ እንዳመጣ፣ ቅቤ የሚባል እንዳይነካው። መሪጌታም አውቀው ዝም ብለዋልና ሰባቱ እስኪያልቅ እሑድ እሑድ አብረውኝ እየተቀመጡ እንዲያርሙኝ። «የመጀመሪያው ለእኔ ይሁን፤ ስሜ ነው የጠፋው» አለ ደብተራ ውባንተ። ተፈቀደለት። የመሪጌታን መቋሚያ እናኑ በአመድና በፈላ ውኃ ሦስት ጊዜ አጥባ ድምቀቱን ገፈፈችው። አሁን ተራ እንጨት ነው የሚመስለው። በየበዓሉ ይዘውት ይቆማሉ።

እሑድ እሑድ ቁሐር እሄዳለሁ። ከቤታቸው ደጃፍ እንቀመጣለን፤ ክረምቱን ሙሉ ሜዳው ውኃ ተኝቶበት አልፎ አሁን ሩዙ አሽቷል። እሳቸው በአንደኛው ሰንጢዬ ቅርፊቱን ይልጣሉ፣ እኔ እቀርጻለሁ። ተማሪ ሳሉ መቃ እየቀረጹ ብዕር ይሠሩ እንደነበር ነገሩኝ። በአንድ ብዕር ምክንያት ከየኔታቸው ዘንድ ለሁለት ቀን መጥፋታቸውንም ነገሩኝ። የእናኑን እናት እንዴት እንዳገቡ ነገሩኝ፤ እናኑ ራሷ አታውቀውም። እኔም የጊደሯን ነገር ነገርኳቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ባለፈው እሑድ ሰባተኛውን፣ የመጨረሻውን ጨረስኩ። ከሠራኋቸው ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነው፤ እንከን እንዳይወጣለት ብዬ ሦስት እሑድ የተጠበብኩበት። ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው ወጡበት፣ ወረዱበት፣ ክንፎቹን ለኩ፣ አውራ ጣታቸውን ጎድጓዳው ላይ አሳረፉ።

«ይኸ አልሆነም» አሉ።

«የቱ ጋ ነው ጥፋቱ?» አልኳቸው።

እንጨቱን መልሰው ጭኔ ላይ አስቀመጡት፤ ሜዳውን ማየት ጀመሩ። «እኔ እንጃ» አሉ። «እንደገና ጀምረው።»

እኔም አየሁት። ምንም ጥፋት የለበትም። ሰንጢዬን አጥፌ ለሚቀጥለው እሑድ ሌላ ወይራ ይዤ እንደምመጣ ነገርኳቸው።

«ወፍራሙን አምጣ» አሉኝ።